የዓመቱ ክፍያ ነዳጅ ላይ ቢደመር፣ ሐረጎን ለሚወጣ ሰው ሒሳቡ ስንት ነው?

ሰሞኑን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ከሾፌሩ አጠገብ ነበር የተቀመጥኩት። የሐረጎን ጠመዝማዛ ስንጀምር የቦሎ ነገር ተነሳ። ወሩ ደርሶበታል።

«ይቺ መኪና ዘንድሮ ሁለት ወር ጋራዥ ቆማለች» አለ። «ለቆመችበትም ክፈል እባላለሁ። ለምን ነዳጁ ላይ ደምረውት አይገላግሉንም? የነዳ ይክፈል፣ የቆመ አይክፈል።»

ከኋላችን የተቀመጡ አንዲት እናት ጣልቃ ገቡ። «አይ ልጄ! ነዳጅ ላይ ከተደመረማ ከፋይዋ እኔ ነኝ። አንተማ ታሪፉ ላይ ትጨምራለህ።»

ሾፌሩ ሳቀ። አልተቃወማቸውም።

በብዙ አገር የፓርላማ ሰዎች የተከራከሩበት ጉዳይ ነው በዚያች ሚኒባስ ውስጥ የተነሳው። በመኪና ላይ በየዓመቱ የሚጣለውን ክፍያ አንስቶ፣ ያንኑ ገንዘብ በሊትር ነዳጅ ላይ መሰብሰብ። ሾፌሩም እውነቱን ነው፣ እናትየዋም እውነታቸውን ነው። ሁለቱ እንዴት አብረው እውነት እንደሚሆኑ ለማየት ግን ትንሽ ሒሳብ መሥራት ያስፈልጋል። ቤት ከገባሁ በኋላ ሠራሁት። ያገኘሁት ነገር መጀመሪያ ከገመትኩት ለየት ያለ ነው፤ በተለይ እንደ ወሎ ዳገትና ቁልቁለት ለበዛበት አገር።

አሁን የምንከፍለው ምንድን ነው?

ባለመኪና «ቦሎ አወጣሁ» ሲል በአንድ ቃል ብዙ ነገር ጠቅልሎ ነው የሚናገረው። የቴክኒክ ምርመራ አለ፤ ፍሬን፣ መብራት፣ መሪ፣ ጎማ ይታያል። የሦስተኛ ወገን መድን መኖሩ ይጣራል። የአገልግሎት ክፍያ አለ። ለመንገድ ፈንድ የሚገባ ገንዘብ አለ። ይሄ ሁሉ ሲያልቅ ነው ያቺ ወረቀት መስታወቱ ላይ የምትለጠፈው።

ሁሉም በአንድ ሰሞን ስለሚጠየቁ አንድ ነገር ይመስላሉ። አይደሉም። ምርመራው ታክስ አይደለም። መድኑም ታክስ አይደለም። ለመንገድ የሚከፈለው ብቻ ነው ወደ ነዳጅ ሊዛወር የሚችለው። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

የመንገድ ፈንድ በአገራችን የተቋቋመው በአዋጅ ቁጥር 66/1989 ነው። አዋጁ የገንዘቡን ምንጭ ሲዘረዝር ሁለቱንም መንገድ ይዟል። ከነዳጅ ላይ የሚሰበሰብ ታሪፍ አለ። በአክስል (ግራና ቀኝ ጎማዎችን በሚያገናኘው ብረት) ላይ በሚያርፈው ጭነት ልክ የሚሰላ ዓመታዊ የተሽከርካሪ ፈቃድ ማደሻ ክፍያም አለ። ከልክ በላይ የጫነ መኪና የሚቀጣው ቅጣት እንኳ እዚያው ይገባል። ስለዚህ ነዳጅ ስንቀዳ ለመንገድ መክፈል ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የነዳጁ ድርሻ ለረጅም ዘመን በሳንቲም የሚቆጠር ስለነበር ነው ሳናስተውለው የኖርነው። የሾፌሩ ሐሳብ ይህን የሳንቲም ድርሻ ወደ ብር አሳድጎ የዓመቱን ክፍያ ማጥፋት ነው።

ሐሳቡን ደግሞ በአካባቢያችን ያሉ አገሮች ሞክረውታል።

ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2006 የመኪና ዓመታዊ የመንገድ ፈቃድ ክፍያን አስቀርታ በምትኩ የነዳጁን የመንገድ ጥገና ክፍያ ከ5.80 ሽልንግ ወደ 9 ሽልንግ በሊትር አሳደገች። ታንዛንያ እ.ኤ.አ. በ2017 በጀቷ ዓመታዊውን የተሽከርካሪ ክፍያ ሰርዛ በቤንዚን፣ በናፍጣና በላምባ ላይ በሊትር 40 ሽልንግ ጨመረች። ላምባ ምን ቤት ነው ትሉ ይሆናል። ላምባ ላይ ባይጨምሩ ኖሮ ሰው ርካሹን ላምባ ናፍጣ ውስጥ መቀላቀል ይጀምራል። ማጭበርበሩን ለመዝጋት ሲባል ማታ በላምባ የምታበራ ድሃ ቤትም የመኪና ታክስ ከፋይ ሆነች ማለት ነው። ታንዛንያ ውስጥ ብዙ ሰው ያጉረመረመው በዚህ ነው።

የኬንያው ታሪክ ግን እዚያ ላይ አላቆመም። የነዳጁ ክፍያ እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ 18 ሽልንግ ወጣ፣ በ2024 ወደ 25። በዚያው በ2024 መንግሥት በመኪናው ዋጋ ላይ በየዓመቱ 2.5 በመቶ የሚያስከፍል አዲስ ታክስ ይዞ መጣ። ሕዝቡ በቁጣ ስለተነሳበት ሐሳቡ ቀረ። እስቲ አስቡት፤ የዓመቱ ክፍያ ቀርቶልሃል የተባለ ሰው፣ በነዳጁ ላይ እየከፈለ ሳለ የዓመቱም ተመልሶ በሩን ሊያንኳኳ ነበር። ይሄ ነገር ያሳስበኛል። አንዱ በሌላው ይተካል ሲባል፣ የቀረው ቀርቶ እንዲቀር የሚያስር ሕግ ካልተጻፈ በሁለቱም መከፈሉ አይቀርም።

መንግሥታት ግን ለምን ነዳጅን ይወዱታል?

መልሱ አንድ በር የሚል ነው። መኪና በየከተማው፣ በየግቢው ተበትኗል። አንዱ ቦሎ ሳያወጣ ይነዳል፣ አንዱ ታርጋው ሌላ ክልል ነው፣ አንዱ የቆመ መኪና ነው። ከእያንዳንዱ ለመሰብሰብ መስኮት፣ ሠራተኛ፣ ወረፋ ያስፈልጋል። ነዳጅ ግን ወደ ኢትዮጵያ የሚገባው ከውጭ ነው፣ አስገቢውም የኢትዮጵያ ነዳጅ አቅራቢ ድርጅት ነው። እዚያ ላይ በሊትር የተቆረጠች ብር ማንም ሳያመልጥ ትሰበሰባለች። ከፋዩ ፎርም አይሞላም፣ አይሰለፍም።

ለድሃ ባለባጃጅም አንድ ጥሩ ነገር አለው። በአንድ ወር ውስጥ ብዙ ብር አውጣ ሲባል ይጨንቀዋል፤ ይበደራል፣ ዕቁቡን ይለምናል። በየቀኑ ሲቀዳ ጥቂት ጥቂት ብር ቢከፍል ግን ከዕለት ገቢው ጋር ይሄዳል። ባልሠራበት ቀን አይከፍልም። መንገድ ተዘግቶ መኪና የቆመበትን ጊዜ እዚህ አካባቢ ያላየ የለም። ለቆመ መኪና የሙሉ ዓመት ክፍያ መጠየቅ ያማል። ሾፌሩ እውነቱን ነው ያልኩት በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ።

ቀጥሎ ያሉት ቁጥሮች ለምሳሌ ያህል የያዝኳቸው ናቸው፤ የትኛውም ቢሮ ያወጣው ታሪፍ አይደሉም። የዓመቱ ክፍያ 3,000 ብር ነው እንበል። እሱ ቀርቶ በሊትር 2 ብር ተጨመረ እንበል።

ደሴ ውስጥ የቤት መኪና ያለው ሰው አለ። ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት፣ አልፎ አልፎ ሐይቅ ድረስ። በዓመት 5,000 ኪሎ ሜትር ነዳ። በአንድ ሊትር 10 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 500 ሊትር ነው። ጭማሪው 1,000 ብር ሆነ። ሰውየው 2,000 ብር አተረፈ።

ያቺ የተሳፈርንባት ሚኒባስ ደግሞ በቀን ስምንት ጉዞ ትሠራለች እንበል። ደሴ–ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በቀን 200 ኪሎ ሜትር፤ በዓመት 300 ቀን ብትሠራ 60,000 ኪሎ ሜትር። 6,000 ሊትር ትጠጣለች። ጭማሪው 12,000 ብር። የዓመቱ 3,000 ስለቀረላት ትርፍ ሸክሟ 9,000 ብር ነው።

የነዳ ይክፈል ባዩ ሾፌር እዚህ ላይ ደንገጥ ይላል። ከሁሉም በላይ የነዳው እሱ ነዋ! ከቤት መኪናው 12 እጥፍ ነድቷል።

ነገር ግን አትሩጡ። 9,000 ብሩን ለተሳፋሪ እናካፍለው። በዓመት 2,400 ጉዞ፣ በአንድ ጉዞ 12 ሰው፤ 28,800 ሰው ተሳፍሯል። ለአንድ ሰው የሚደርሰው 31 ሳንቲም ነው። ሠላሳ አንድ ሳንቲም! እናትየዋ በ31 ሳንቲም አይቸገሩም።

ታዲያ ማነው ዛሬ 31 ሳንቲም የሚጨምር? ሳንቲም ከረዳት እጅ ከጠፋ ቆየ። ታክሲ ላይ ዋጋ ሲጨምር የሚጨምረው በድፍን ብር ነው፣ ብዙ ጊዜም በአምስት። በሰው 5 ብር ተጨመረ እንበል። በዓመት 144,000 ብር ይሆናል። የነዳጁ ሸክም 9,000፣ ከተሳፋሪ የወጣው 144,000። አሥራ ስድስት እጥፍ። እናትየዋ የፈሩት ነገር እውነት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ታክሱ ራሱ ያን ያህል አይከብድም። ታክሱን ሰበብ አድርጎ የሚመጣው ነው የሚከብደው።

ተቃራኒውም ሊሆን ይችላል። ታሪፍ የሚያወጣው ትራንስፖርት ቢሮ ነው። ቢሮው ታሪፉን ሳይነካ ከቆየ 9,000ው በሾፌሩና በባለንብረቱ ላይ ይቀራል። እነሱም በሌላ መንገድ ያካክሱታል፤ ትርፍ ሰው ይጭናሉ፣ ጎማ የሚቀየርበትን ቀን ያራዝማሉ። ለዚህ ነው የነዳጅ ታክስ የተቀየረ ዕለት የትራንስፖርት ታሪፉ አብሮ፣ በዚያው ቀን፣ እስከ ሳንቲሙ ተሰልቶ መውጣት አለበት የምለው። የሳንቲሙን ችግር ደግሞ በቴሌብር መክፈል ይፈታዋል። በዲጂታል ሲከፈል 31 ሳንቲም 31 ሳንቲም ነው።

በነገራችን ላይ ይህ ሁሉ የሚታሰበው ነዳጅ ራሱ ሰማይ በነካበት ዘመን ነው። በሐምሌ 2014 መንግሥት ለሁሉም የሚሰጠውን የነዳጅ ድጎማ ወደ ታለመ ድጎማ ሲቀይር አንድ ሊትር ቤንዚን 50 ብር አልሞላም ነበር። በ2017 ዓ.ም. መቶ ብርን አለፈ። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ለገበያ መለቀቁ ትልቁን ድርሻ ይወስዳል። ስለዚህ ክፍያው በመቶኛ ይሁን ወይስ በሊትር የተቆረጠ ብር ይሁን የሚለው ቀላል ጥያቄ አይደለም። በመቶኛ ከሆነ ዶላር ሲወደድ ታክሱም አብሮ ይወጣል፤ ሰው በሁለት በኩል ይመታል። የተቆረጠ ብር ከሆነ ደግሞ ኑሮ ሲወደድ ብሩ ዋጋ ያጣና መንገዱ ሳይጠገን ይቀራል። በእኔ ግምት የተቆረጠ ብር ሆኖ፣ በየሁለት ዓመቱ በግልጽ ቢከለስ ይሻላል። በየወሩ ከሚደነግጥ ሰው በየሁለት ዓመቱ የሚዘጋጅ ሰው ይሻላል።

ዳገቱ

ከላይ በሒሳቡ ላይ ሁሉም መኪና በሊትር 10 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብዬ አለፍኩ። የወሎ ሰው እዚህ ላይ ሊያቋርጠኝ ይገባ ነበር።

የነዳጅ ታክስ ደጋፊዎች ሊትር የመንገድ መለኪያ ነው ይላሉ። ብዙ የነዳ ብዙ ይቀዳል፣ ብዙ ይከፍላል። ሜዳ ላይ እውነት ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲወጣ ግን ሊትር ሌላም ነገር ይለካል፤ ከፍታን። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ። ልዩነቱ ከ600 ሜትር በላይ ነው። ሦስት ቶን የሚጠጋ የተጫነ ሚኒባስ 600 ሜትር ሽቅብ ለማንሳት ብቻ፣ ሞተሩ የሚያባክነው ሙቀት ታስቦ፣ በግርድፉ አንድ ሊትር ተኩል ናፍጣ ይፈጃል። ወደ ፊት ለመሄድ ከሚፈጀው ሌላ ማለት ነው። ሲወርድ የተወሰነው ይመለሳል፣ ቀሪውን ግን ፍሬን በሙቀት ይበላዋል።

የሚሌ ሜዳ ላይ 25 ኪሎ ሜትር የሄደ ሰውና ሐረጎን 25 ኪሎ ሜትር የወጣ ሰው የረገጡት አስፋልት እኩል ነው። የሚከፍሉት ታክስ ግን እኩል አይደለም። የደሴው፣ የኩታበሩ፣ የደላንታው፣ የላሊበላው ሰው ለተራራውም ይከፍላል። አስፋልት በሌለበት ደግሞ ይብሳል። ጠጠር መንገድ ላይ፣ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ የሚሄድ አይሱዙ በኪሎ ሜትር የሚጠጣው ከአስፋልቱ በላይ ነው። ይህ ማለት መጥፎ መንገድ ያለው ወረዳ ለመንገድ የበለጠ ይከፍላል ማለት ነው። ይሄ አንጀቴን ይበላዋል። መንገድ ያላገኘው ነው ለመንገድ አብዝቶ የሚያዋጣው።

በዓመት የሚከፈለው ክፍያ ቢያንስ ይሄ ጥፋት የለበትም። ዳገት አያውቅም።

ከመንገድ ጋር የማይገናኘው ናፍጣ

ናፍጣ ሁሉ መኪና ውስጥ አይገባም። መብራት ባልደረሰበት ቀበሌ ወፍጮ ቤቱ በናፍጣ ነው የሚሠራው። በቆቦ ጊራና ሸለቆ፣ በቃሉ፣ በተሁለደሬ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማው ገበሬ የውሃ መሳቢያ ሞተር አለው። ሆቴሉ፣ ክሊኒኩ ጄኔሬተር አለው። የእነዚህ ነዳጅ ጎማ ነክቶ አያውቅም። የመኪናው ዓመታዊ ክፍያ ወደ ሊትር ሲዛወር ግን እነሱም መንገድ ከፋይ ይሆናሉ።

ከወፍጮ ቤት ደጅ የተሰለፈች ሴት ጤፏን ወይ ማሽላዋን ለማስፈጨት በኪሎ የምትከፍለው ይጨምራል። እቤቷ መኪና የለም፣ ሞተር ሳይክል የለም፣ ምናልባትም በዓመት ሁለቴ ነው አውቶቡስ የምትሳፈረው። ደሴ ያለው የቤት መኪና ባለቤት ያተረፋት 2,000 ብር ከየት መጣች ቢባል፣ አንዷ ብር ከእሷ እንቅብ ናት።

ሌሎች አገሮች ለዚህ መላ አላቸው። ብሪታኒያ ውስጥ ገበሬ ለትራክተሩ የሚቀዳው ናፍጣ በቀይ ቀለም የተነከረ ነው። ታክሱ በጣም ዝቅተኛ ነው፤ ታንኩ ውስጥ ቀይ የተገኘበት ባለመኪና ግን ይቀጣል። እኛ አገር ቀለም ነክሮ መቆጣጠር የሚሆን አይመስለኝም። ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ መንገድ ዳር በሚሸጥበት አገር ቀይ ናፍጣ መንገድ ዳር ለመውጣት ሳምንት አይፈጅበትም።

ግን ሌላ ነገር በእጃችን አለ። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የሕዝብ ትራንስፖርት መኪኖች በታርጋቸው ተለይተው፣ በቴሌብር እየከፈሉ፣ ድጎማ ያለው ነዳጅ ሲቀዱ ነበር። ከ2015 ወዲህ ደግሞ ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ እንዲሆን ተደርጓል። ማለትም ማን ቀዳ፣ ስንት ሊትር ቀዳ የሚለው ይታወቃል። ለወፍጮና ለውሃ መሳቢያ ሞተርም እንደ ታርጋ ያለ ቁጥር መስጠት ይቻላል። ዛሬ ገበሬው በጀሪካን ለመቅዳት ደብዳቤ ይዞ ነው የሚንከራተተው። ደብዳቤው ቀርቶ ቁጥር ቢሰጠው፣ የመንገዱ ክፍያም ከሊትሩ ላይ ቢነሳለት፣ ሁለት ችግር በአንድ ጊዜ ይቃለላል።

ስለ ከባድ መኪናስ?

ይሄኛው ክፍል ቴክኒካል ነው፤ ግን ብዙ ሰው የማያውቀው ትልቁ ነጥብ እሱ ነውና ታገሱኝ።

እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 አሜሪካ ውስጥ፣ ኢሊኖይ ግዛት፣ መሐንዲሶች የተለያየ ክብደት ያላቸውን መኪኖች በተሠራ መንገድ ላይ ደጋግመው አስኬዱ። ጥያቄያቸው የትኛው መኪና መንገዱን ምን ያህል ይጎዳል የሚል ነበር። ከዚያ የወጣው ሕግ ዛሬም ይሠራበታል። በአንድ አክስል ላይ ያለው ክብደት እጥፍ ሲሆን፣ በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት እጥፍ አይሆንም፤ 16 እጥፍ ይሆናል። ክብደቱ አሥር እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ ወደ 10,000 እጥፍ ይጠጋል።

አሁን ነዳጁን አስቡት። የቤት መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ቢጠጣ፣ የተጫነ ተሳቢ 40 ወይ 50 ሊትር ቢጠጣ ነው። አራት ወይም አምስት እጥፍ። መንገዱን የሚጎዳው በሺህ እጥፍ፣ የሚከፍለው በአምስት እጥፍ።

ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ የሚወርደውን መንገድ የሚያውቅ ይህን በዓይኑ አይቶታል። የጅቡቲ ጭነት የሚመላለስበት ነው። አስፋልቱ በጎማ መስመር ልክ ሁለት ቦይ የሚሠራው በቤት መኪና አይደለም። ስለዚህ ዓመታዊው ክፍያ ለሁሉም ይቅር ቢባል ትልቁን ስጦታ የሚያገኙት መንገዱን በጣም የሚጎዱት ናቸው።

አዋጁ በ1989 ዓመታዊውን ክፍያ በአክስል ጭነት ልክ እንዲሆን ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። ያ ሐሳብ ትክክል ነበር፤ ሊጠነክር እንጂ ሊጠፋ አይገባም። ለቤት መኪናና ለባጃጅ፣ ለሞተር ሳይክልም ጭምር፣ ዓመታዊው የመንገድ ክፍያ ነዳጅ ላይ ይግባ። ለሲኖትራኩና ለተሳቢው ግን የአክስሉ ክፍያ ይቆይ፣ የሚዛን ጣቢያውም ሥራውን ይሥራ። እኔ የደረስኩበት መደምደሚያ ይሄ ነው። የሸቀጥ ዋጋ ይጨምራል የሚለው ስጋት ይገባኛል። ግን የተቦረቦረ መንገድም በጎማና በባሌስትራ፣ በሚጠፋ ቀንም፣ ዋጋ ይጨምራል። የባቲ ነጋዴ ያውቀዋል።

ነዳጅ የማይቀዳው መኪና

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ከዚያ ወዲህ አዲስ የሚገባው የቤት መኪና ኤሌክትሪክ ነው። ይህ ለአገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ለዛሬው ጉዳያችን ግን ትልቅ ቀዳዳ ነው። የመንገዱን ገንዘብ በሙሉ ነዳጅ ላይ ከጫንን፣ የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤት ለመንገድ የሚከፍለው ምንም ነው። ከደሴ አዲስ አበባ 401 ኪሎ ሜትሩን በአዲስ ኤሌክትሪክ መኪና የሚሄደው ሰው ሳይከፍል ያልፋል። ከመካነ ሰላም በአሮጌ ቅጥቅጥ የሚመጣው መንገደኛ ግን በሁለት እጅ ይከፍላል።

ሌላው ዓለም እዚህ ግድግዳ ላይ ደርሶ እየተመለሰ ነው። ብሪታኒያ ለዓመታት ነፃ ያደረገቻቸውን የኤሌክትሪክ መኪኖች እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ ዓመታዊውን ታክስ ታስከፍላቸዋለች። ኒው ዚላንድ ደግሞ የተለየ መንገድ ይዛለች። እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ የናፍጣ መኪኖች በነዳጁ ላይ የመንገድ ታክስ አይከፍሉም፤ በሄዱበት ኪሎ ሜትርና በክብደታቸው ነው የሚከፍሉት። በ2024 የኤሌክትሪኮቹንም እዚያው አስገባቻቸው። እዚያ የገበሬው ወፍጮ አይነካም፣ ዳገት አይቀረጥም፣ ተሳቢው በክብደቱ ልክ ይከፍላል። ለእኛ ዛሬ ቆጣሪ ማንበቡና መቆጣጠሩ ከባድ ነው። ለኤሌክትሪክ መኪኖች ግን ከአሁኑ መጀመር ይቻላል፤ ገና ጥቂት ናቸው፣ ደግሞም በዓመት አንዴ ለምርመራ ሲመጡ ኪሎ ሜትሩ ዳሽቦርዱ ላይ ተጽፏል።

ገንዘቡ የት ይገባል?

በብሪታኒያ ከመቶ ዓመት በፊት የመንገድ ፈንድ የሚባል ነበር። ከባለመኪኖች የሚሰበሰበው ለመንገድ ብቻ ይውላል ተብሎ የተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1926 የገንዘብ ሚኒስትር የነበሩት ዊንስተን ቸርችል ከፈንዱ ለሌላ ወጪ ወሰዱ። በ1937 ክፍያው በቀጥታ ወደ ጠቅላላ ካዝና መግባት ጀመረ። ሰው ግን ዛሬም «የመንገድ ታክስ» ነው የሚለው።

ነዳጅ ላይ የተጨመረ ብር በቀላሉ ከሌላው ታክስ ጋር ይቀላቀላል። ከአንድ በር ስለሚገባ ከየትኛው በር እንደሚወጣ አይታይም። የወሎ ዳገት አብዝቶ የሚከፍል ከሆነ ደግሞ የሚመለስለትም በዚያው ልክ ሊሆን ይገባል። ክፍፍሉ ላይ የመንገድ ርዝመት ብቻ አይታይ። የመሬቱ አቀማመጥ ይግባበት፣ ጠጠር መንገዱ ይግባበት። በየወረዳው የተቀዳው ሊትርና ለወረዳው የተመደበው የጥገና ብር ጎን ለጎን ተጽፎ ሕዝብ የሚያየው ቦታ ይለጠፍ። ተንታ ያለ ሰው ስንት ከፍሎ ስንት እንደተመለሰለት ማወቅ መብቱ ነው።

ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር

ምርመራው ታክስ አይደለም ብዬ ነበር። ዓመታዊው ክፍያ ይቅር ሲባል ብዙ ሰው የሚሰማው «ቦሎ ቀረ» ብሎ ነው። የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

ሐረጎን ቁልቁል የወረደ ሰው የፍሬን ሽታ ያውቃል። ያ የሚከረፋው፣ መስኮት የሚያስከፍተው ሽታ። የፍሬን ሸራው ግሎ እየተቃጠለ ነው። ማርሽ ሳያስይዝ በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሾፌር፣ ሸራው ያለቀ ከሆነ፣ አንዱ ኩርባ ላይ እግሩን ይረግጣል፣ የሚይዘው ግን የለም። ከጦሳ ሥር እስከ ቦርከና ወንዝ ባለው ቁልቁለት የስንቱ ቤት ሐዘን እንደገባ የአገሬው ሰው ያውቃል።

ለብዙ መኪና ያ የዓመት ቀጠሮ ብቸኛው ቀን ነው፤ ከባለቤቱ ውጭ ሌላ ሰው ፍሬኑን የሚያይበት። ምርመራው ጉድለት የለውም አልልም። አለው፣ ሁላችንም እናውቃለን። ግን ገንዘቡ ወደ ነዳጅ ሄደ ብሎ ቀጠሮውን መሰረዝ የሰው ሕይወት ያስከፍላል። እንዲያውም ለዳገት መንገድ በዓመት ሁለት ጊዜ ቢሆን እላለሁ፤ ክፍያው ቀንሶ።

ኮምቦልቻ ስንደርስ እናትየዋ ዘንቢላቸውን ይዘው ወረዱ። ሾፌሩን ለመሆኑ ቀጠሮህ መቼ ነው አልኩት።

«ሐሙስ» አለ። «ረቡዕ የፊቱን ሸራ አስቀይራለሁ። እንዲህ ሆኖ አያሳልፉኝም።»